ጥያቄ፦ የጓሮዬ ተከላና የመጽሐፌ ረቂቅ አንድ ጊዜ ደረሱብኝ፤ እንዴት ላስታርቃቸው?

የቀበናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቀበና ወንዝ አጠገብ፣ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። ከቤቱ ጀርባ አራት ሜትር በስድስት የሚሆን መሬት አለኝ፤ ቆስጣ፣ ጎመን፣ ካሮትና ቲማቲም አለማበታለሁ። ሥራዬ ጽሑፍ ነው። አሁን የያዝኩትን የአጫጭር ልቦለዶች ረቂቅ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ለአሳታሚው ማስረከብ አለብኝ።

ጭንቀቴ ይህ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ መደብ ማዘጋጀቱ፣ መዝራቱና ችግኝ ማዛወሩ ሁሉ መስከረም ላይ ይከመራል። መጻፍ የምፈልገው ጠዋት፣ ሐሳቤ ሳይበተን ነው። ጓሮ ብቅ ካልኩ ግን አንዱን አረም ስነቅል ሌላው ይታየኛል፣ ረፋዱም በዚያው ያልፋል። ውኃውም በፈረቃ ነው። ከሁለቱ አንዱንም መተው አልፈልግም፤ እጄ አፈር ሲነካ ነው ገጸ ባሕርያቴ የሚናገሩልኝ። ምን ልትከል? መቼ? ቀኔንስ እንዴት ልከፋፍል?

ጡረተኛው የእርሻ ባለሙያ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ መስከረምን ከጫንቃሽ አውርጂው። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ብትሆንም ከምድር ወገብ ብዙ አልራቀችም። የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ የሚለያየው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ መሬቱም እንደ አውሮፓ ለወራት በበረዶ አይዘጋም። እዚህ የሚወስነው ውኃ ነው። ውኃ ካገኘሽ ከመስከረም እስከ የካቲት በየተራ መትከል ትችያለሽ፤ ሁሉንም በአንድ ሳምንት አፈር ማስገባት ግዴታ አይደለም።

እስከ ታኅሣሥ ዓይንሽን ብዙ የማይፈልጉትን ብቻ ያዢ። ቆስጣና የሐበሻ ጎመን አንዴ ከያዙ ለወራት ይቀነጠሳሉ። ቆስጣን ከሥሩ አትንቀዪ፤ የውጭውን ቅጠል ከግንጩ ሥር ይዘሽ ወደ ጎን ጠምዘዝ በማድረግ ገንጥዪው፣ የመሐሉን ለጋ ቅጠል ተዪለት፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። በጥቅምት ነጭ ሽንኩርት ትከዪ። አራት አምስት ወር ይቆያል፤ ከማጠጣትና ከማረም በቀር የሚጠይቅሽ ነገር የለም፤ የሚደርሰውም ረቂቅሽን ካስረከብሽ በኋላ ነው።

ቲማቲሙን ለጥር አቆዪው። ቲማቲም መደገፍ፣ መቀንጠብና በየቀኑ መታየት ይፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ብትቸኩዪም ብዙ አይራመድልሽም። ጥር ላይ በሣጥን ዘርተሽ የካቲት ውስጥ ብታዛውሪው ክረምቱ ሳይገባ ፍሬ ይሰጥሻል። በክረምት ግን ቅጠሉ ሲረጥብ ስለሚውል የቅጠል በሽታ ይጨርሰዋል።

ተርጓሚው ከልደታ፦
የጋሼ ምክር ጥሩ ነው፤ እኔ ግን መሬቱንም ቀንሺ እላለሁ። ግማሹን ለዚህ ወቅት አሳርፊው። ባዶውን አትተዪው፣ አረም ይወርሰዋል። ባቄላ ዝሪበትና ማበብ ሲጀምር አጭደሽ እዚያው አፈሩ ውስጥ ቅበሪው፤ ሥሩ ላይ ያሉት ተሕዋስያን ናይትሮጅን ስለሚይዙ ለጥር ለሚቆየው ቲማቲም አፈር ይሆንልሻል። እኔ ኮንዶሚኒየም ሰገነት ላይ በባልዲ ሰላጣና ቃሪያ አለማለሁ። ቦታው ሲያንስ ሥራውም ድንበር ይኖረዋል፤ ወደ ትርጉሜ የምመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ጠዋት ጓሮው የሚስብሽ ከሆነ ደግሞ ከግቢው ወጥተሽ ጻፊ። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከቀበና ሩቅ አይደለም።

ባለ ጓሮዋ ከስድስት ኪሎ፦
እህቴ፣ ከግቢ መውጣቱን አልመክርሽም። እጄ አፈር ሲነካ ይናገሩልኛል እያልሽ ከአፈሩ መራቅ ለምን? ይልቅ ሥራውን እንደ ጽሑፉ ደረጃ ክፈዪው። አዲስ ትዕይንት በምጽፍበት ሳምንት ጓሮዬ ውስጥ ከማጠጣት ያለፈ ነገር አልነካም፤ አንድ ነገር ከጀመርኩ ታሪኩ ከእጄ ያመልጣል። የተጻፈውን በማርምበት ሳምንት ግን መኮትኮቱንም ማዛወሩንም አደርጋለሁ። እርማት በየመሐሉ መነሣትን ይወዳል፤ ያልጣመኝ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ የሚቃናልኝ ጎንበስ ብዬ ካሮት ሳሳሳ ነው። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ መስኮቱ ላይ አስቀምጪ፣ ስልክሽን ግን ይዘሽ አትውጪ።

ስለ ውኃው፦ ዝናቡ ሳያልቅ ከአሸንዳው ሥር በርሜል አስቀምጪና ክደኚው። ለዐውደ ዓመት ቤት ውስጥ የጎዘጎዝሽውን ቄጤማ አትጣዪው፤ ሲደርቅ መደቡ ላይ አልብሺው። ፀሐይ አፈሩን አያደርቅብሽም፣ አረሙም ይቀንሳል፣ የምታጠጪበትም ቀን ይራራቃል። የቡናውን አተላ ከጎመን ግንጭና ከድንች ልጣጭ ጋር ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሪው። አንድ ነገር አደራ፦ ውኃ ቢጠፋም ከወንዙ አትቅጂ። የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ነው፤ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣና ካሮት በፍጹም አይሆንም።

እኔ የማጠጣው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋቱ ለጽሑፍ ይቀራል።

ጡረተኛው የእርሻ ባለሙያ፦
ማታ ማጠጣቱን በአንድ ነገር ላሟላው። ውኃው ሥሩ ላይ ብቻ ይፍሰስ። ቅጠሉ ረጥቦ ካደረ ሻጋታ ይጠራል፣ ቀንድ አውጣም ይመጣል። በጆግ ዝቅ ብለሽ አጠጪ፣ ከላይ አትርጪ። የባቄላው ሐሳብ ግሩም ነው።

የቀበናዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቲማቲሙን ለጥር አቆየሁት፤ ግማሹን መሬትም ባቄላ እዘራበታለሁ። ጠዋት ጠዋት እስከ አምስት ሰዓት የጓሮውን በር አልከፍትም፤ የማርምበት ሳምንት ሲደርስ ብቻ ይለወጣል። ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ለነጭ ሽንኩርቱ ከገበያ የገዛሁትን መትከል ይቻላል?

ጡረተኛው የእርሻ ባለሙያ፦
ይቻላል፣ የአገር ውስጡን ምረጪ። ጭንቅላቱን የምትፈለፍዪው በምትተክዪበት ቀን ይሁን፤ ትልልቁን ፍንካች ለዘር ለይተሽ ትንንሹን ለወጥ አድርጊው። ልጣጩን አትላጪ። ሹሉን ጫፍ ወደ ላይ አድርገሽ፣ ከአራት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በመካከሉ 10 ሴንቲ ሜትር እየተውሽ ትከዪ። አምና ሽንኩርት የነበረበት መደብ ላይ አትድገሚ፣ በሽታው አፈር ውስጥ ይቆያል። ቅጠሉ ከታች ቢጫ መሆን ሲጀምር ውኃ አቁሚና ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተሽ ንቀዪው፤ ጥላ ውስጥ አንጠልጥለሽ አድርቂው።