«ድኗል በይ» ይሉኛል፤ እኔ ግን በዓይኔ እያየሁት ነው። ምን ልበል?

እናት ከደብረ ብርሃን (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለቤቴን ስትሮክ መቶት አልጋ ላይ ከዋለ ከረመ። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። አንደበቱም ተይዟል። ሊናገር የፈለገው ነገር እንዳለ ከዓይኑ ይታወቃል፤ ቃሉ ግን አይመጣለትም። የሚኖረው ከቀን ሥራ ነበር። አሁን ኪራዩም፣ የልጆቹ ደብተርም፣ የሱ መድኃኒትም እኔ ላይ ወድቋል። እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቆች አስረክባለሁ። የዚህን አገር ውርጭ የምታውቁ፣ በሌሊት ተነስቶ ሊጥ መንካት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

ጥያቄዬ የገንዘብ አይደለም፤ የአፌ ነው። ጠያቂ መጥቶ «እንዴት ነው?» ሲለኝ እውነቱን ከተናገርኩ «ተይ፣ በአፍሽ ክፉ አትጥሪ» እባላለሁ። አንዷ ዘመዴ ጴንጤ ናት፣ በጣም ትወደኛለች። «ድኗል ብለሽ አውጂ። የግፊት ኪኒን እየዋጠ ድኗል ማለት እምነት አይደለም» አለችኝ። ኪኒኑን አላቋረጥኩም። ግን በሰጠሁት ቁጥር ይከነክነኛል። አማቴ ደግሞ ከመንዝ እየደወሉ «ተመስገን በይ ልጄ» ይሉኛል። ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ይቀድመኛል። ማታ ለጸሎት ስቆም የሚወጣኝ «ደከመኝ» ብቻ ነው።

ይሄ አለማመን ነው? በእምነት መናገር ማለት ምንድን ነው? በሱ ፊት፣ በልጆቼ ፊት፣ በጠያቂ ፊት ምን ልበል?

የሞላሌዋ

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። «ደከመኝ» ያልሽው ለማን ነው? ለእግዚአብሔር አይደል? እንግዲያውስ ጸልየሻል።

ዳዊት የምትደግሚ ከሆነ ልብ ብለሽ አንብቢው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። ይሄን ዛሬ ጠያቂ ፊት ብትይው ስንቱ ይቆጣሽ ነበር! ጌታም በመስቀል ላይ «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ?» ብሏል፤ ያውም ከዳዊት ወስዶ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የማክሰኞው ዳዊት ላይ 41ኛውን አውጪ፤ በ66ቱ መጽሐፍ ቅዱስ 42 ተብሎ ታገኚዋለሽ። «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» ይላል። መጀመሪያ እንባዬ ቀንና ሌሊት ምግብ ሆነኝ ብሎ ለእግዚአብሔር ተናገረ። ከዚያ ዞሮ የገዛ ነፍሱን ያናግራል፤ እግዚአብሔርን ታመኝ ይላታል። እኔ በእምነት መናገር የምለው ይሄን ነው። ሕመሙን አልካደም። ግን ሕመሙ ብቻውን እንዲናገር አልተወውም። አንቺም ለእግዚአብሔር «ደከመኝ» በይ፣ ቀጥለሽ ለራስሽ «ብቻሽን አይደለሽም» በያት። ካለቀሽም አልቅሺ።

ወንድም ከሸዋ ሮቢት

እኔም ጴንጤ ነኝ፣ ስለ ዘመድሽ ትንሽ ልናገር። ቃል ጉልበት አለው ማለቷ ከመጽሐፍ የወጣ ነው። ሙሴ 12 ሰላዮች ላከ። አሥሩ «በፊታቸው እንደ አንበጣ ነበርን» ብለው ሕዝቡን አስለቀሱት። ካሌብና ኢያሱ ግን «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው» አሉ። እስቲ እዩት ግን፤ ካሌብ ግንቡ የለም፣ ሰዎቹ አጭር ናቸው አላለም። ያዩትማ ሁሉም አንድ ነገር ነው። ስለዚህ «አልታመመም» አትበይ። «ታሟል፣ እግዚአብሔር ግን አልተወንም» በይ። ይሄ እውነትም ነው፣ እምነትም ነው።

የኪኒኑን ነገር ግን በፍጹም አልስማማም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሊሞት ሲል እግዚአብሔር በዕድሜው 15 ዓመት ጨመረለት። ተስፋው ከተነገረ በኋላ ኢሳይያስ ምን አለ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና ቁስሉ ላይ አድርጉለት አለ። መድኃኒቱ ተስፋውን አላፈረሰውም። ለዘመድሽ ይሄን ታሪክ በፍቅር ንገሪያት፤ ሁለተኛ ነገሥት 20 ላይ አለ። አትጣዪያት።

ዝም ብዬ አንባቢ

እኔ ግን ብዙ ባታወሪ እላለሁ። የቤትን ገመና ለሰው መዘርገፍ ጥሩ አይደለም። ሆድ ይፍጀው ይባላል።

የእድር ጸሐፊ

ወንድሜ፣ ከመቼ ወዲህ ነው በሽታ ገመና የሆነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?

እህቴ፣ በሥራዬ ያየሁትን ልንገርሽ። ጠያቂ ሲመጣ «ደህና ነው፣ ተመስገን» ካልሽው ሙዙን አስቀምጦ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ክፋት የለበትም፤ ደህና መስሎት ነው። «እንዴት ነው?» ሲሉሽ ሦስት ነገር ባንዴ በይ። የሆነውን፣ ተስፋሽን፣ የምትፈልጊውን። ለምሳሌ «እጁ ገና ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ሳደርስ ከሱ ጋር ቁጭ በይልኝ» ብትይ ማን እምቢ ይልሻል? ሰው ምን እንደሚሠራ ስለማያውቅ ነው ምክር የሚያበዛው። ሥራ ስጪው።

እድርሽ ወይ ሰንበቴሽ ውስጥም ዳኛውን አነጋግሪ። ብዙ እድሮች ለቀብር ብቻ ነው የተቋቋሙት፤ ግን አባላት ተስማምተው ለታመመ ቤት የሚያዋጡበትም አለ። ካልጠየቅሽ ማንም አያነሳውም።

ሲስተር

ጤና ባለሙያ ነኝ። መጀመሪያ ኪኒኑ። ስትሮክ የመታው ሰው የግፊት መድኃኒቱን በራሱ ካቋረጠ ድጋሚ የመመታት ዕድሉ ይጨምራል። ግፊት ሕመም ሳያሳይ ስለሚወጣ «ተሽሎታል» ብለሽ እንዳትታለይ። ፊቱ ከተጣመመ ወይም ድንገት ከባሰበት ሳታድሪ ወደ ሆስፒታል።

ሁለተኛው አንደበቱ ነው። ቀኝ ጎን ሲያዝ ንግግር አብሮ መያዙ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ ከሚናገሩት በላይ ይሰማሉ። ስለዚህ በፊቱ «ምስኪን፣ እንዲህ ሆኖ ቀረ» የሚል ጠያቂ ካለ ውጭ አውጥተሽ አነጋግሪው። እሱን ስታናግሪው ሬዲዮኑን አጥፊ። አጭር አድርጊው። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ «ውኃ ልስጥህ?» ብለሽ ጠብቂ፤ ራሱን ነቅንቆ ወይ በግራ እጁ ይመልስልሽ። አትቸኩይበት፣ ቃሉንም ቶሎ አትንጠቂው። ቀና ብሎ ሳይቀመጥ ምንም አታጠጪው፣ ሲጠጣ የሚያስለው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ። ራሱን ማገላበጥ ካልቻለ በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪው፤ ጀርባ አንዴ ከቆሰለ ችግር ነው።

ሦስተኛው ይገርምሽ ይሆናል። አንድ ዓረፍተ ነገር መፍጠር ያቃተው ሰው ከልጅነቱ በቃሉ የያዘውን ጸሎት ወይም መዝሙር ሊለው ይችላል። በሁሉም ላይ አይሠራም፣ ግን ሞክሪው። «አባታችን ሆይ» ብለሽ ጀምሪለትና ቀስ እያልሽ አብራችሁ በሉ።

አንቺስ? እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ሞትን መመኘት ከጀመርሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ እንደ ማንኛውም ሕመም ንገሪያቸው። ኤልያስ ከክትክታው ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልተቆጣውም። እንጎቻና ውኃ አቅርቦ ብላ አለው፤ በልቶም መልሶ ተኛ። ስብከቱ ቆየት ብሎ ነው የመጣው።

እናት ከደብረ ብርሃን (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሲስተርዬ፣ አደረግኩት። «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። «በሰማይ» ላይ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «የዕለት እንጀራችንን» ስል ድምፁ ወጣ፤ የተኮላተፈ ነው፣ ግን «እንጀራችንን» አለ! ከዚያ ጠፋበት፣ ተናደደና በግራ እጁ አልጋውን መታው። ትንሹ ልጄ ሮጦ መጥቶ «አባዬ ተናገረ» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ቤተሰቦቹ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል እንውሰደው እያሉ ነው፣ መድኃኒቱን ትቶ። እና አማቴን ምን ልበላቸው?

ዲያቆን

ጠበሉ መልካም ነው፣ «ትቶ» የምትለው ቃል ግን ትውጣ። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነት ዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። የባለቤትሽም የግፊት ኪኒን ያው ነው። ከመሄዳችሁ በፊት መንገዱንና ቀዝቃዛውን ውኃ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂ። ካልቻለ ጠበሉ በጀሪካን ይመጣል፣ እሱ አይሄድም። የንስሐ አባትሽንም ቤት ጥሪ፤ ለታመመ ሰው ቀንዲል፣ ማለት በተጸለየበት ዘይት መቀባት፣ አለ። ሐዋርያው ያዕቆብም የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ይጥራ ነው ያለው። ሽማግሌዎቹን ጥሩ ተብለናል፣ ብቻችሁን ቻሉት አልተባልንም።

ስለ ምክሩ ብዛት አንድ ነገር፦ የኢዮብ ወዳጆች እግዚአብሔርን ሲከላከሉ ዋሉ። ኢዮብ ግን የተወለደበትን ቀን ረገመ፣ ከእግዚአብሔርም ጋር ተሟገተ። በመጨረሻ «ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» የተባሉት ወዳጆቹ ናቸው።

የሞላሌዋ

አማትሽ ላይ እኔ ላግዝሽ፣ የአገሬ የመንዝ ሰው ናቸው። እሳቸው «ተመስገን በይ» ሲሉሽ ስላልገባቸው አይደለም፤ ልጃቸው ነው፣ ራሳቸውን እያጽናኑ ነው። አትከራከሪያቸው። «እማዬ፣ ዛሬ ተመስገን ማለት አቅቶኛል፣ እርስዎ ይበሉልኝ» በያቸው። ከዚያ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገሽ አጠገቡ አስቀምጪውና «አባታችን ሆይ»ን እሳቸው ይጀምሩለት። ቀስ እንዲሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የኛ እናቶች ጸሎት ላይ ፈጣን ናቸው።

እናት ከደብረ ብርሃን (ጠያቂ)

እሺ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እደውልላቸዋለሁ። የእድሩንም ዳኛ ነገ አገኘዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የሚቀመጥልኝ ሰው ተገኝቷል፤ ያቺው ጴንጤዋ ዘመዴ ናት። የኪኒኑን ሰዓት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌላታለሁ።