አሮጌ ሞተር ጀልባ በራሴ ላድስ ነው፣ መጀመሪያ ሞተሩን ልግዛ ወይስ?

ባለጀልባው፦
ሰላም ጓዶች፣ አንድ አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ እጄ ገብታለች፣ 5 ሜትር ገደማ ናት። ከኋላ የሚንጠለጠል ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የድሮ 2 ምት (ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት) ሞተር አላት ግን ክችች ብሎ አልዞርም ብሏል። አካሏ ቀለሙ ደብዝዟል እንጂ ስንጥቅ ምናምን አይታይባትም። አሁን አንድ ያገለገለ ባለ 4 ምት (ዘይቱ ለብቻው የሚሞላ) 60 ፈረስ ጉልበት አይቼ ልቤ ሄዷል፣ እሱን ገዝቼ ገጥሜ እየነዳሁ ሌላውን ቀስ እያልኩ ባድስ ምን ይለኛል? ካንዴላ መቀየር ካርቡራቶር ማጠብ አያቅተኝም፣ ፋይበር ግን ነክቼ አላውቅም።

አሮጌ ካንዴላ፦
ብሮ ሞተሩን ለጊዜው እርሳው። መጀመሪያ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳ እይ፣ ትራንሰም የሚሉትን። በድሮ ጀልባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭም ከውስጥም ፋይበር ነው መሃሉ ግን ኮምፔንሳቶ ነው፣ የቡሎኖቹ ቀዳዳ ማሸጊያ ሲያረጅ ውሃ ሰርጎ ይገባና እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ አንተ ከውጭ የምታየው የሚያምር ፋይበር ብቻ ነው። በትንሽ መዶሻ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያልክ ምታው፣ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ የሰጠበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግ። ከዛ ከውስጥ በኩል ታች አካባቢ በቀጭን ድሪል ብሳው፣ የውጭውን ፋይበር እንዳታሳልፍ ብቻ ተጠንቀቅ። የሚወጣው ፍቅፋቂ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ እሰየው፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ግን በስብሷል። የድሮው ሞተር አሁንም ላዩ ላይ ካለ ደግሞ ታችኛውን እግሩን ይዘህ ወደላይ ወደታች ወዝውዘው፣ ግድግዳው አብሮ የሚተጣጠፍ ከሆነ ሌላ ምርመራም አያስፈልግህ። ወለሉንም ረግጠህ እየው፣ ከስሩ በቁመት የሚሄዱት ድጋፎችም ብዙ ጊዜ እንጨት ናቸው።

ሞገድ ፈሪ፦
እሱ ያለው ልክ ነው፣ እኔ ስለ 60ው ልጨምር። መሪው አካባቢ ወይ ኋላ የአምራቹ ሰሌዳ ካለ ከፍተኛው ፈረስ ጉልበት ተጽፎበታል፣ ከሱ አትለፍ። ደግሞ ጉልበቱ ብቻ አይደለም ክብደቱም አለ፣ ባለ 4 ምት 60ዎቹ ብዙዎቹ ከ100 ኪሎ በላይ ናቸው፣ የድሮ 2 ምት 40 ግን ከዛ በጣም ይቀላል። ልዩነቱን አስላና ያን ያህል ኪሎ አሸዋ በጆንያ ከኋላ ጭነህ ውሃ ላይ አውጣት፣ የወለሉ ውሃ መውረጃ ቀዳዳ ውሃ ውስጥ ከገባ መልስህን አገኘህ። የሞተሩ እግር ርዝመትም ከኋላ ግድግዳው ቁመት ጋር መግጠም አለበት፣ 15፣ 20 እና 25 ኢንች የሚባሉ አሉ። ቁመቱ ከግድግዳው ላይኛ ጫፍ እስከ ጀልባዋ ታች መሃል ድረስ ነው የሚለካው። ካጠረ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ በባዶ ይጮሃል፣ ከረዘመ ደግሞ ውሃ ይጎትታል።

ያገለገለ ስትገዛ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ሳታስለካ ብር እንዳታወጣ። በሲሊንደሮቹ መሃል ከ10% በላይ ልዩነት ካለ ትተህ ሂድ። የማርሽ ዘይቱን ጠብ አድርገህ እይ፣ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ፓምፕ ጎማ ደህናም ቢሆን ቀይረው፣ ርካሽ ነገር ነው ግን ሲበላሽ ሞተር የሚያቃጥለው እሱ ነው።

ቤንዚን በዘይት፦
እኔ ግን አልስማማም፣ ለምን 4 ምት ትገዛለህ? ደህና 2 ምት 40 ፈልግ፣ ቀላል ነው፣ ራስህ ፈታተህ ትገጥመዋለህ፣ ጀልባዋም የተሰራችው ለሱ ነው።

ሞገድ ፈሪ፦
ቤንዚን ሲጠጣ ማን ይከፍልለታል? ጭሱስ 😂 ክብደቱ ላይ ግን እውነትህን ነው።

ባለጀልባው፦
ኧረ ጉድ ነው፣ በቀኝ በኩል ታች ስመታው ድምፁ ታፈነ፣ ስበሳው ጥቁር ጭቃ ነገር ወጣ። አሁን ምን ላድርግ፣ ፋይበሩን የሚያጣብቀው ሙጫ ፖሊስተር ነው ኢፖክሲ የምጠቀመው?

አሮጌ ካንዴላ፦
በግዜ ማወቅህ ጥሩ ነው። ኢፖክሲ ተጠቀም፣ ዋጋው ይከብዳል ግን አሮጌ ፋይበር ላይ የሚይዘው በደንብ እሱ ነው። የውስጡን ፋይበር ቆርጠህ አንሳ፣ የውጩን አትንካው ቅርጹን የሚይዝልህ እሱ ነው። ከመቁረጥህ በፊት ጀልባዋን ከስር በደንብ ደግፋት አለበለዚያ ትጣመማለች። የበሰበሰውን ብቻ ሳይሆን እርጥበት የደረሰበትን ሁሉ አውጣ፣ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቅ፣ እዚህ ላይ አትቸኩል። አዲሱ ኮምፔንሳቶ ውሃ የሚችል ኮላ ያለው ይሁን። ጠርዙንም ፊቱንም ኢፖክሲ አጠጥተህ አጣብቀው። ቡሎኖቹ የሚገቡበትን መጀመሪያ ሰፋ አድርገህ ብሳ፣ በወፈረ ኢፖክሲ ድፈነው፣ ሲደርቅ በልኩ እንደገና ብሳው፣ እንዲህ ከሆነ ማሸጊያው ቢያረጅም ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። ባንዴ ብዙ ኢፖክሲ እቃ ውስጥ አትበጥብጥ፣ ይግልና ይጨሳል። ግራይንደር ስትይዝ ደህና ማስክ አድርግ፣ ያ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

ቤንዚን በዘይት፦
እግረ መንገድህን የነዳጅ ጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ጣላቸው፣ የድሮዎቹ ከውስጥ ይላጡና ካርቡራቶር ይደፍናሉ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ አድርግ። ፕሮፔለር ግን አሁን እንዳትገዛ፣ ሞተሩ ተገጥሞ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተህ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚያወጣ ካየህ በኋላ ነው። አምራቹ ካለው በታች ከሆነ ፒቹን (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበትን ርቀት) ቀንስ፣ 1 ኢንች ወደ 200 ዙር ገደማ ይለውጥልሃል።

ባለጀልባው፦
እሺ፣ ለሞተሩ ባለቤት ደውዬ ቆይ አልኩት፣ ከሸጠውም ይሽጠው። ነገ ግራይንደር ፍለጋ ነኝ።