ጥቆማ፦ ሽመናና ፈትል ለመማር የት ልሂድ?

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ዘንድሮ ከ15 ዓመቷ ልጄ ጋር ለሦስት ሳምንት አገር ቤት እመጣለሁ። ዘመድ ጥየቃው እንዳለ ሆኖ አንዱን ሳምንት ቁጭ ብለን ሽመና መማር አማረን። ማየት ብቻ አይደለም፣ በእጃችን መሥራት። ከአርባ ምንጭ በላይ ያለው የሸማኔዎቹ መንደር ዶርዜ ይሻላል ወይስ የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ? የሞከራችሁ ጠቁሙን።

መልስ፦

እህቴ፣ እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ፤ ሙሉ ሳምንት ካላችሁ ዶርዜ። ግን አንድ ነገር አውቀሽ ሂጂ፤ እዚያ ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ነው። እኔም ሽመና ልማር ብዬ ሄጄ መጀመሪያ የተሰጠኝ እንዝርት ነው። ቅር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳየው ግን ደግ አደረጉ። ፍሬውን በብረት ዳምጦ ማውጣት፣ ጥጡን በደጋን መንደፍ፣ ከዚያ ባዘቶውን (የተነደፈውን ጥጥ) ይዞ እንዝርቱን ማሾር። ክሬ አንዴ እንደ ገመድ ይወፍራል፣ አንዴ እንደ ፀጉር ይቀጥንና ብጥስ! አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሳያዩት ይፈትላሉ፤ እያወሩ። በሦስተኛው ቀን የሎሚ ፍሬ የምታክል ልቃቂት ወጣችኝ።

ሽመናው ላይ ያስቀመጡኝ ከዚያ በኋላ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጫለሽ፣ እግርሽ ከታች መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል፣ እጅሽ መወርወሪያውን ይልካል። ወዲያው ይለመዳል። ከባዱ ድሩን፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን ክር፣ ማዘጋጀት ነው፤ እንግዳ ግን አልቆ በተወጠረ ድር ላይ ስለሚቀመጥ እሱን አያየውም። «ድር ሲደራ ማየት እፈልጋለሁ» ብለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ከአርባ ምንጭ በአስጎብኚ ነበር። የሽመና ትምህርት ብለው ያስከፈሉኝ ሃያ ደቂቃ ሆነ፦ አሥር ውርወራ፣ ፎቶ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ መሸጫው። በሁለተኛው ጊዜ መንደሩ ውስጥ የቀርከሃ ቤት አድሬ ከቤቱ ሰዎች ጋር በቀን ሒሳብ ተዋዋልኩ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ጋቢ አትርሱ፤ አርባ ምንጭ ላይ አልቦሽ ወደ ጨንቻ ሽቅብ ስትወጪ ብርዱ ይጠብቅሻል። ክረምት ከሆነ ደግሞ ጭጋጉና ጭቃው አለ። ቆጮው በማርና በዳጣ... እሱን ራስሽ ድረሽበት።

ሌላ መልስ፦

ከላይ ያለችው እህት በሙሉ ልክ ናት፤ ሽሮ ሜዳን ግን አትናቁት። ከእንጦጦ ሥር ነው፣ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከዚያው ከጋሞ የመጡ ናቸው፣ ማታ ቤታችሁ ታድራላችሁ። ችግሩ ሥራ ቤት መሆኑ ነው፤ በዓል ሲቃረብ ትእዛዝ ስለሚበዛ ማንም ቆሞ አያስተምራችሁም። በመስቀል ሰሞን ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ ሸማኔው አገሩ ይገባል።

ልጅሽ የምትፈልገው ሽመናውን ከሆነ አውራ አምባን አስቢ፣ ከባሕር ዳር ብዙ አይርቅም። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተ ማኅበረሰብ ነው፤ ሴቱም ይሸምናል፣ ወንዱም ይፈትላል። «የወንድ ሥራ ነው» የሚላት የለም። የመንገዱን ሰላም ግን ባሕር ዳር ካለ ሰው ሳታጣሩ እንዳትነሱ።

ሐር ለማየት አዲስ አበባ ያለው ሳባሃር አለ። ትሉ የሚመገበው የጉሎ ቅጠል ነው፣ ክሩም በእጅ ይፈተላል። የግማሽ ቀን ጉብኝት ነው እንጂ ሳምንት የሚወስድ አይደለም። ሱፍ ያማረው ሰው መንዝ ይሂድ፤ የበግ ፀጉር ፈትሎ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) መሥራት የዚያ አገር ሙያ ነው። እኔ ብርዱን ስለማልችል አልመክርም፣ እውነቱን ለመናገር።

ጠያቂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው አምስት ቀን ዶርዜ። ለመመለሻ ምን እንግዛ?

መልስ፦

ነጠላ ስትገዢ ጥለቱን ገልብጠሽ እዪ፤ የተሸመነ ከሆነ ክሩ ከጀርባም ይታያል፣ የታተመ ከሆነ ጀርባው ይደበዝዛል። የእጅ ፈትል ማግ (በአግድም የሚገባው ክር) ወፈር ቀጠን ይላል፣ የፋብሪካው ወጥ ነው። ዋጋቸው አንድ ሊሆን አይገባም፤ ሻጩ «ሁሉም የእጅ ፈትል ነው» ካለሽ ትተሽው እለፊ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ሻንጣ ይሞላል፣ አንዱ ይበቃችኋል። ለልጅሽ እንዝርትና አንድ ፌስታል ባዘቶ ያዢላት፤ አይከብድም፣ ሜሪላንድም ሆና ትፈትላለች።