የጋራ ደብዳቤያችን ምን ይጠይቅ? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው እንደተስማማነው፣ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦች ለአካባቢያችን የኮንግረስ ተወካዮች አንድ ደብዳቤ እንጽፋለን። ጉዳዩ ኤስ ኤስ አይ ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ገቢና ጥሪታቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን በየወሩ የሚከፍለው ድጎማ። ረቂቁ ለጊዜው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ለአካል ጉዳተኞች የሚከፈለው ወርሃዊ ድጎማ መኖሪያ ስለማይሆን ከፍ ይበልልን።» ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ። እባካችሁ ድምፅ ቀድታችሁ አትላኩ፤ መስማት የተሳናቸው አባላት አሉን።

ገንዘብ ያዥ፦
መጀመሪያ ቁጥሩን ላስቀምጥ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ዘንድሮ፣ በ2026፣ ከፌዴራል የሚከፈለው ጣሪያ ለአንድ ሰው በወር 994 ዶላር ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ተጠቃሚ ከሆኑ 1,491። አምና ለአንድ ሰው 967 ነበር፤ 27 ዶላር ተጨመረ ማለት ነው። እንጀራና ሽሮ ገዝታችሁበት ስንት ቀን እንደሚሄድ እናንተው አስሉት።
የአምናውን በ12 ብናባዛው 11,604 ይመጣል። በዚያው ዓመት መንግሥት ራሱ ለአንድ ሰው ያወጣው የድህነት ወለል 15,650 ነበር። ስለዚህ ይበቃል ወይስ አይበቃም ብለን አንከራከር። መልሱ የራሳቸው ወረቀት ላይ አለ።

አባል፣ ከአሌክሳንድሪያ፦
አይበቃም። ማን ይበቃል አለ? ግን እሱስ በየዓመቱ የኑሮ ውድነት እየታየ ትንሽም ቢሆን ይጨመራል። እኔን የሚያንገበግበኝ የማይጨመረው ነው። 2,000 ዶላር። ተጠቃሚው ባንክም ይሁን እጁ ላይ ያለው ጥሪት ከዚህ ካለፈ ክፍያው ይቆማል። ለባልና ሚስት 3,000። የሚኖርበት ቤትና አንድ መኪና አይቆጠሩበትም። ይህ ቁጥር ከ1989 ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ያኔ እኔ አዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ፀጉሬን ታውቁታላችሁ።

የአንድ ወጣት እናት፦
ወንድሜ፣ ልክ ብለሃል። የኛን ቤት ልንገራችሁ። ልጄ 31 ዓመቱ ነው፣ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ከሰው እኩል ይሁን ብለን የእህቴ ዕቁብ ውስጥ በስሙ አስገባነው፤ በወር 100 ዶላር። መኪናችን ላይ የዊልቸር መወጣጫ ለማስገጠም ነበር ሐሳቡ። ዕጣው ወጣለትና 3,000 ዶላር ደረሰው። ባንክ አስገባን። የሚገጥመው ሰው ቀጠሮ ሰጠን። በዚህ መሀል ወሩ ዞረ።
ለካ የሚቆጠረው ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ያለህ ነው። ደብዳቤ መጣ፦ የዚያ ወር ክፍያ አይገባህም፣ የተከፈለህን መልስ። ዕቁብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ወደ ቢሯቸው ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። «ማን ሰጠው?» ይለኛል ሠራተኛው። ሁሉም! «ስጦታ ነው?» አይደለም፣ የራሱ ነው። «የራሱ ከሆነ ቁጠባ ነዋ?» እሱም አይደለም፣ ግማሹ ገና የሚከፍለው ዕዳ ነው። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዝም ብሎ አየኝ። አልፈረድኩበትም።

ጸሐፊ፦
እትዬ፣ ይህን ስም ሳንጠቅስ ደብዳቤው ውስጥ እናስገባው?

የአንድ ወጣት እናት፦
ልጁን ልጠይቀው።

አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርልኝ። እንደምታውቁት ዓይነ ስውር ነኝ። እናቴ ስታርፍ ጎንደር ሄድኩ። አርባዋን ሳላወጣ እንዴት ልመለስ? 30 ቀን በተከታታይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየህ ክፍያው ይቆማል። ተመልሰህም ሌላ 30 ቀን እዚህ መቆየት አለብህ። ተዝካሩ 40፣ ሕጉ 30። የዚያን ጊዜ ኪራዬን ዕድሩ ባይሸፍንልኝ ሜዳ ላይ ነበርኩ።

አንድ ወጣት አባል፦
ስለ ጋብቻም ይነሳ። እኔና እጮኛዬ ሁለታችንም ተጠቃሚ ነን። ለየብቻ ስንሆን ጣሪያው 1,988 ነው። ስንጋባ 1,491። ቀለበት ማሰር በወር 497 ዶላር ያስከፍላል። አንድ ዘመዴ «እንግዲያው ሳትፈራረሙ አብራችሁ ኑሩ» አለኝ። እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩትንም ሕጉ እንደተጋቡ ነው የሚቆጥራቸው።

ገንዘብ ያዥ፦
ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም ከገባ ግን ማንም አያነበውም። የኔ ሐሳብ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ፦ የ2,000ዋን ጣሪያ። ፕሮግራሙ በ1974 ሲጀመር 1,500 ነበረች። በዚህ ሁሉ ዘመን የተጨመረባት 500 ዶላር ነው። ደግሞ አዲስ ነገር አንፈጥርም። በ2023 ከዴሞክራት ሼሮድ ብራውን፣ ከሪፐብሊካን ቢል ካሲዲ ሆነው ለአንድ ሰው 10,000፣ ለባልና ሚስት 20,000 ይሁን የሚል ረቂቅ ሕግ ለሴኔት አቅርበው ነበር። አላለፈም። ከሁለቱም ወገን ደጋፊ ያለውን ሐሳብ ይዞ መሄድ ይቀላል። ጋሼ፣ የለቅሶው ጉዳይ በሁለተኛ ደብዳቤ ይሁን። የጋብቻውም እንደዚያው።

አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
የኔ ተራ መቼም ሁለተኛ ነው። ይሁን። ቀኑ ግን አሁኑኑ ይቆረጥ።

አባል፣ ከአሌክሳንድሪያ፦
እትዬ፣ ኤብል የሚባል አካል ጉዳተኞች የሚቆጥቡበት አካውንት መኖሩን ሰምተዋል? እዚያ የተቀመጠ ገንዘብ እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ለኤስ ኤስ አይ አይቆጠርም። ድሮ ጉዳቱ 26 ዓመት ሳይሞላው ለጀመረው ሰው ብቻ ነበር፤ ከዘንድሮ ጃንዋሪ ጀምሮ 46 ዓመት ሳይሞላው ለጀመረው ሆኗል። የልጅዎ ከልጅነቱ ስለሆነ ድሮም ይችል ነበር።

የአንድ ወጣት እናት፦
ማን ነግሮን? ሦስት ጊዜ ስመላለስ አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ይህንን በአማርኛ አዘጋጅታችሁ ለቤተሰቦች አስረዱ። ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ አንጠብቅ።
ልጄ ፈቅዷል። «ዊልቸሩ ሰማያዊ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ፣ አገር ያውቀኛል» ብሏል።

ጸሐፊ፦
የኤብሉ ገለጻ ለብቻው አጀንዳ ሆኖ ተይዟል፤ ቀኑን ቅዳሜ እንወስናለን። የጋሼ ደብዳቤ የሚጀመርበትም ያኔ ይቆረጣል። አዲሱ ረቂቅ ይኸውና፦
«በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ነን። ከእጅ ወደ አፍ የምንኖር ምስኪኖች ነን። በዚህ አካባቢ 994 ዶላር ኪራይ ከተከፈለበት በኋላ ወር አያደርስም። ይህን ለመሙላት በባህላችን ተሰባስበን እንቆጥባለን። ሕጉ ግን ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት ያለውን ሰው ክፍያ ያቆምበታል። የጥሪት ጣሪያው ለአንድ ሰው 10,000፣ ለባልና ሚስት 20,000 ዶላር እንዲሆን፣ ከዚያም በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲስተካከል እንጠይቃለን።» የዕቁቡ ታሪክ ከዚህ ቀጥሎ ይገባል።

አንድ ወጣት አባል፦
«ምስኪኖች» ትውጣልኝ።

የአንድ ወጣት እናት፦
ለኔም ትውጣ። መላ ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ።

ጸሐፊ፦
ወጥቷል። የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነገ ማታ እጭናለሁ። ገንዘብ ያዥ፣ ቁጥሮቹን አንድ ጊዜ እይልኝ።