ደረጃው ሥር ያለው ቤንዚን ምን ይሁን? ለሐሙሱ ስብሰባ ሐሳብ አዋጡ

ሱቅ 12 (ልብስ ስፌት)፦
የሚቀጥለው ሐሙስ የሕንፃችን ሱቆች ማኅበር ስብሰባ አለ። ለኮሚቴው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ ጽፈን እንጨርስ። ትናንት ደረጃው ሥር ገብቼ ቆጠርኩ። 9 ጀሪካን ቤንዚን አለ። ግማሾቹ ጎዶሎ ናቸው፣ በግምት 110 ሊትር ይሆናል። መብራት በየቀኑ ሲጠፋ ለጄኔሬተር ብለን እየተሯሯጥን የገዛነው ነው። አሁን ጄኔሬተሮቹ ሥራ ካቆሙ ወራት አልፏል፣ ቤንዚኑ ግን እዚያው ተቀምጧል። ከሱ አራት እርምጃ ራቅ ብሎ ከሰል ይቀጣጠላል። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ላይ የደረሰውን የእሳት ቃጠሎ ሁላችንም አይተናል። እኔ የምለው፣ ደህናው ተለይቶ መኪና ወይም ሞተር ላለው አባል ይሸጥ፣ የተበላሸው ከሕንፃው ይውጣ፣ ከእንግዲህ ደረጃ ሥር ምንም አይቀመጥ። ጨምሩበት።

ሱቅ 3 (ፀጉር ቤት)፦
እስማማለሁ። የኔ 15 ሊትር ነው። የገዛሁት በ2014 ክረምት ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የገባ ጊዜ ነው። ዛሬ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ በዛሬው ዋጋ ነው የምሸጠው።

ሱቅ 12፦
ወንድሜ፣ የ2014 ቤንዚን በዛሬ ዋጋ ማን ይገዛሃል?

ሱቅ 3፦
ታሽጎ ነው የተቀመጠው። ጠብታ አልጎደለም።

ሱቅ 8 (ኤሌክትሮኒክስ ጥገና)፦
ባይጎድልም ይበላሻል። ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እየወፈረ ሙጫ ይሆናል። ባለፈው የኔ ጄኔሬተር እምቢ ሲል ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል) ፈታሁት። ቀጭኗ የቤንዚን መውጫ ቀዳዳ በሙጫ ተደፍና አገኘኋት። አጥቤ ለመመለስ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። በደንብ የተከደነ ቤንዚን ጥቂት ወራት ቢቆይ ነው። ለመለየት በነጭ ጠርሙስ ትንሽ ቅዱና ብርሃን ላይ እዩት። እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም እንደ ቫርኒሽ ከሸተተ ሞተር ውስጥ አታስገቡት። ቆየት ብሎ ገና ያልጠቆረውን አንድ እጁን ከ4 ወይም 5 እጅ አዲስ ጋር ቀላቅሎ መጨረስ ይቻላል። ሌላው ደግሞ፣ ትንሿ ጄኔሬተር ያላችሁ ቤንዚናችሁ የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት ስለሆነ ጀሪካኑ ላይ ጻፉበት። መኪና ውስጥ ከገባ ያጨሳል፣ ካንዴላውን (እሳት የሚጭረውን) ያጠቁራል።

ሱቅ 5 (ፎቶ ኮፒ)፦
ሁሉም ጥሩ ነው። ጀሪካኖቹስ?

ሱቅ 12፦
የምን ጀሪካን?

ሱቅ 5፦
ቤንዚኑ ሲወጣ ጀሪካኑም አብሮ ይወጣላ። ማን ይመልስልኛል? ባለፈው ውሃ የጠፋ ጊዜ ለጋራ ብዬ ሁለት ጀሪካን አውጥቼ እስከ ዛሬ አላየኋቸውም። ሁሉም ቢጫ ነው፣ ሁሉም የኔ ነው ይላል።

ሱቅ 17 (ሸቀጣ ሸቀጥ)፦
እውነቷን ነው። የኔም አንድ ሄዷል። ክዳኑ ሰማያዊ ነበር።

ሱቅ 3፦
ሰማያዊ ክዳን ያለው ሱቅ 14 ጋ አይቻለሁ።

ሱቅ 14 (ጫማ)፦
እኔ ጋ ያለው የራሴ ነው። ከእናቴ ቤት ያመጣሁት። ስሜን በሌባ ከማንሳትህ በፊት መጥተህ እይ።

ሱቅ 3፦
ሌባ አላልኩም፣ አይቻለሁ ነው ያልኩት።

ሱቅ 12፦
እባካችሁ፣ የምናወራው ስለ እሳት ነው።

ሱቅ 5፦
እኔም የማወራው ስለ ንብረቴ ነው። ለአንተ ጀሪካን ምንም ላይሆን ይችላል፣ እኔ ግን ውሃ በሌለበት ቀን ለልጆቼ የምቀዳው በሱ ነው።

ሱቅ 8፦
እህቴ፣ ቤንዚን የገባበት ጀሪካን ለውሃ አይሆንም። በሳሙናም በሙቅ ውሃም ብታጥቢው አይለቅም። መጀመሪያም የምግብ ዘይት ጀሪካን ለቤንዚን አልተሠራም፣ ውሎ ሲያድር ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ በክዳኑም ትነቱ ይወጣል። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይወጣም፣ ወለል ለወለል እየተሳበ እሳት ያለበት ድረስ ይሄዳል። ከተያያዘ በኋላ ውሃ ብትደፉበት ቤንዚኑ ውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞት ይሰፋል። የሚያጠፋው አሸዋ ወይም የዱቄት ማጥፊያ ነው። ኮሪደር ላይ ያለው ማጥፊያ ደግሞ መርፌው ቀዩ ላይ ነው፣ ባዶ ነው ማለት ነው። ቢያንስ የእሳት አደጋን ቁጥር 939ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

ሱቅ 5፦
እና ጀሪካኔ ይጣል ነው የምትለኝ? ማን ይተካልኛል?

ሱቅ 3፦
ለአንድ ጀሪካን ብለን እንቃጠል?

ሱቅ 5፦
ካልከበደህ ግዛልኛ!

ሱቅ 1 (ቡና)፦
ከሰል ያላችሁት እኔን ነው አይደል? ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። እኔ እዚያ ደረጃ ሥር ቡና ማፍላት ስጀምር ቤንዚን የሚባል አልነበረም። እናንተ ናችሁ አምጥታችሁ የደረደራችሁብኝ። ሁልሽም ቡናዬን ጠጥተሽ ነው ያደግሽው። አሁን እሳቱ በኔ ሊላከክ ነው?

ሱቅ 12፦
እትዬ፣ እርስዎን አላልኩም። የሚነሳው ቤንዚኑ ነው፣ እርስዎ አይደሉም። አጻጻፌ ከፍቶብዎት ከሆነ ይቅርታ።

ሱቅ 1፦
ይሁን። ግን ቶሎ አንሱልኝ። እኔም ሽታው ራሴን ያመኛል።

ሱቅ 14፦
ይህን ሁሉ ከምንነታረክ የተበላሸውን ሽንት ቤት ብንደፋውስ?

ሱቅ 8፦
እንዳታደርጉት። ትነቱ በቱቦው ሄዶ ሌላ ቤት ይወጣል፣ አንድ ሰው ክብሪት ሲጭር አለቀ። የቀረውም ወደ ወንዙ ነው የሚሄደው። ለላምባ ምድጃም ለማንም አትስጡ፣ ይፈነዳል።

ሱቅ 21 (መለዋወጫ)፦
ጋራዥ የማውቀው ልጅ አለ። ለሞተር ዕቃ ማጠቢያ ይፈልገዋል። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት መኪናዬን ይዤ እመጣለሁ፣ አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ።

ሱቅ 12፦
እግዜር ይስጥህ! ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳትጭነው፣ መስኮቱም ይከፈት።

ሱቅ 17፦
ቆይ፣ ከመጫኑ በፊት። የ2017ቱ የነዳጅ አዋጅ ከወጣ ወዲህ ነገሩ ጠብቋል። በጀሪካን ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ጣጣ ያመጣል፣ ያለፈቃድ ነዳጅ መሸጥማ ያስቀጣል። ሐሳቡ ላይ «ይሸጥ» የሚለው ቃል ይውጣ። የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ እንዲህ አይጻፍም።

ሱቅ 3፦
ካልተሸጠ እኔ በነጻ አልሰጥም። 15 ሊትር ነው።

ሱቅ 8፦
መጀመሪያ በጠርሙስ ቀድተህ እየው። ከዚያ እንነጋገር።

(ቅዳሜ)

ሱቅ 12፦
3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። እኔና ሱቅ 8 ጀሪካኖቹን በር ላይ አውጥተን ቆመናል። ሱቅ 21 የት ነህ?

ሱቅ 12፦
5 ሰዓት ሆነ። ስልኩ አይነሳም። ፀሐይ ላይ መተው ስለማይቻል መልሰን አስገባነው። ሁለቱ በሥራቸው ያንጠባጥባሉ።

ሱቅ 5፦
የኔ ነው ያንጠባጠበው?

ሱቅ 17፦
እኔ ሌላ ነገር ልበል። የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መነሻ ጀሪካን ነው፣ ጀሪካን የምንሰበስበው ደግሞ ውሃ ስለሚጠፋ ነው። ማኅበሩ አንድ ሮቶ ጣሪያ ላይ ቢሰቅል ማንም ጀሪካን አይፈልግም። ካዝናው ውስጥ ብር አለ። ሐሙስ ይህንን እናቅርብ።

ሱቅ 5፦
አሁን ገና ቁም ነገር ተወራ። እኔ ለሮቶው ተጨማሪ መዋጮም አዋጣለሁ።

ሱቅ 14፦
እኔም። 2 ሺህ ሊትር የሚይዘው ይሁን። አንዱ ቧንቧ ወደ እኛ መስመር ይምጣ።

ሱቅ 3፦
ፀጉር ቤት ውሃ የሚፈጀው እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ ወደኔ ይሳብ። መስመር የሚዘረጋ ልጅም አውቃለሁ።

ሱቅ 14፦
ወደ አንተ መጀመሪያ? በምን ሒሳብ?

ሱቅ 5፦
አትጣሉ፣ እኔ ጽፌዋለሁ። «የማኅበሩ አባላት ለኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብ፦ ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ ተገዝቶ ጣሪያ ላይ እንዲሰቀል፣ ቧንቧ ለሁለቱም መስመር እኩል እንዲዘረጋ፣ የጠፉ ጀሪካኖች ተጣርተው ለባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ።» የቀረ ካለ ተናገሩ።

ሱቅ 12፦
ቤንዚኑስ?

ሱቅ 5፦
ልዩ ልዩ የሚለው ውስጥ አስገባዋለሁ።

ሱቅ 12፦
ልዩ ልዩ ላይ ስንደርስ ሰው ተነስቶ ይሄዳል፣ ሁሌም እንደዚያ ነው። እባካችሁ አንደኛ ላይ ይግባ። የኔን 8 ሊትር ዛሬ በጠርሙስ አየሁት። አልጠቆረም። ወንድሜ ለሞተሩ ከአዲስ ጋር እየቀላቀለ ይጨርሰዋል። የሚያንጠባጥቡት ሁለቱ ግን እዚያው ናቸው። ከሥራቸው አሸዋ አድርጌያለሁ፣ ከዚህ በላይ ብቻዬን አልችልም።

ሱቅ 17፦
የሮቶውን ዋጋ የሚጠይቅ ማነው? ነገ መርካቶ የሚሄድ አለ?

ሱቅ 1፦
ልጄ ሱቅ 12፣ ከሰሌን በር ላይ አውጥቼዋለሁ። ዝናብ ሲመጣ ግን የምገባበት እዚያው ደረጃ ሥር ነው።