ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው አሮጌ ሃዲድ ይጠገን ወይስ ይቅር?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ደወሌ ድረስ የተዘረጋው አሮጌው ሃዲድ ለአካባቢው ሕዝብ መጓጓዣ እንዲውል ይጠገን ወይስ ያለው ገንዘብ በሙሉ ለአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ይዋል?

ይጠገን የሚሉት ተከራካሪ

ክርክራችንን የሚያበላሸው ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ያለውን 780 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአንድ ሚዛን መመዘናችን ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል አገልግሎቱን ካቆመ ቆይቷልና ይመለስ ብዬ አልሟገትም። የምሟገተው ለምሥራቁ ክፍል ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ እጅግ አስቸጋሪና ውድ ስለ ነበር፣ ከተማው ከሜዳው ላይ በባቡሩ ምክንያት ተቆረቆረ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተክቶ ሃዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሽንሌ፣ ሃረዋ፣ አዲጋላና አይሻ ኑሯቸውን በጣቢያዎቻቸው ዙሪያ መሠረቱ፤ አርብቶ አደሩም ነጋዴዋም ዕቃቸውን ይዘው የሚሳፈሩት በዚሁ ባቡር ነበር። አዲሱ ባቡር በዋናነት የታሰበው በወደብና በመሀል አገር መካከል ለሚመላለስ ጭነት ነው፤ የድሬዳዋ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠርቷል። አሮጌው ጣቢያ ግን ከተማው መሀል፣ ከዚራ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ነው።

ይቅር የሚሉት ተከራካሪ

የጣቢያዎቹን ታሪክ አልክድም፤ ግን ለታሪክ ያለን ፍቅር የሒሳቡን ጥያቄ አይመልስልንም። የአሮጌው ሃዲድ ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት ዓይነት መለዋወጫና ሁለት ዓይነት ባለሙያ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ጎን ለጎን ማኖር ሊኖርብን ነው። የደኅንነቱንም ነገር በቀላሉ አንለፈው፤ በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አቅራቢያ ባቡሩ ከድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሰው የሚጫንበትን መስመር መጠገን የጎበጠ ብረት ማቃናት ብቻ አይደለም፤ ድልድዩ፣ ፍሬኑ፣ ምልክቱና የአሽከርካሪው ሥልጠና ሁሉ አዲስ ወጪ ይጠይቃሉ። ደግሞም አዲሱ መስመር ሃረዋ፣ አዲጋላና አይሻ ላይ ጣቢያ አለው። ባቡሩ እዚያ ቆሞ ሰው እንዲጭን መጠየቅ አይቀልም?

ሌላ ተሳታፊ

ከአዳማ ወዲያ አዲሱ መስመር ነጠላ ሃዲድ መሆኑ አልተነሣም። ተሳፋሪ ባቡር በየጣቢያው በቆመ ቁጥር ከኋላና ከፊት ያለው የጭነት ባቡር ይጠብቃል፤ አገሪቱ ደግሞ መስመሩን ለመሥራት ከቻይና የተበደረችውን ዕዳ የምትከፍለው ጭነቱ ሲፈጥን ነው። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል መቆራረጥና ሃዲድ የሚያቋርጡ ግመሎች መገጨት እስካሁን ያስቸግራሉ። ባለ ግመሉ ካሳውን ከመጠበቅ በቀር ከዚህ ባቡር የሚያገኘው ነገር ከሌለ፣ ሃዲዱን እንዲጠብቅልን የምንለምነው በምን አፋችን ነው?

ይጠገን የሚሉት ተከራካሪ

የአዋሹ እልቂት ለእኔም ከባድ ሐዘን ነው፤ ስለዚህም የጠየቅሁት በዝግታ የሚሄድ፣ አጭር የአካባቢ ባቡር ነው እንጂ የድሮውን የረጅም ጉዞ አገልግሎት አይደለም። ስለ መለዋወጫ ለተነሣው፣ የድሬዳዋው ወርክሾፕ ብዙውን ዕቃ በቶርኖ እዚያው እየሠራ ለአሥርት ዓመታት ባቡሩን አቆይቷል። ያ ሙያ በሽማግሌዎቹ እጅ ነው፤ ወጣት ሳይማረው ካለፈ በምንም ገንዘብ አንገዛውም። የጣቢያዎቹን ሐሳብ ግን እቀበላለሁ፦ አዲሱ ባቡር በየዕለቱ አዲጋላና አይሻ ቆሞ፣ የአካባቢው ሰው በሚችለው ዋጋ ከነዕቃው የሚጭን ከሆነ የጥገናው ጥያቄ ይቀንሳል። ይህ በተግባር ሳይታይ ግን ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ካለው ሃዲድ አንድም ብረት እንዲነሣ አልስማማም።