የሳይት ሞዴሌ ጎበጠብኝ፤ ነገ ጠዋት ፋይናል ጁሪ አለኝ!

ሰማያዊ እርሳስ (ማታ 2፡10)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። የሳይቴን (ፕሮጀክቴ የሚያርፍበትን ቦታ) መሬት አሳንሼ የሠራሁት ሞዴል ቤዙ፣ ማለት የታችኛው ሰሌዳ፣ እንደ ሰፌድ ሆነብኝ። መሃሉ ጎድጉዶ ጥጎቹ ወደ ላይ ተነሱ። አንዱ ጥግ ከጠረጴዛው 3 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ጁሪው፣ ማለት ሥራችንን ለገምጋሚዎች የምናቀርብበት፣ ነገ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሳይቴ ፒያሳ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ኮንቱሩን (የመሬቱን ከፍታ የሚያሳዩትን የካርቶን ደረጃዎች) ብቻ ቆርጬ ለመጨረስ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። ምን ላድርግ?

የአራዳ ልጅ
አይዞሽ እህቴ፣ ፒያሳ መቼ ሜዳ ሆኖ ያውቃል?

5ኛ ዓመት
መጽሐፍ ጫኚበት።

ጋሽ አርክቴክት
ልጄ፣ ሞዴል በመጨረሻው ሌሊት አይሠራም። ኮንቱር በመጀመሪያው ሳምንት ይቆረጣል፤ ሐሳቡ የሚመጣው እሱን እያዩ ነው። ደግሞ ካርታሽ የቱ ነው? በ2016 ፒያሳ ብዙ ቤት ፈርሷል። የድሮውን ካርታ ይዘሽ ከሆነ የሌለ ሰፈር ነው የሠራሽው። ሳይቱን በእግርሽ ሄደሽበታል?

ሰማያዊ እርሳስ
ጋሼ፣ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። የፈረሰውን አውጥቻለሁ። አሁን የቸገረኝ ጉብጠቱ ነው።

ሳሚ
ለምን ትጨነቂያለሽ? የፕላንና የሴክሽን ሥዕሎችሽ ጥሩ ከሆኑ ሞዴሉን ማንም ልብ አይለውም።

አናጺው
ሳሚ፣ እንዴት ልብ አይሉትም? ስኬልሽ ስንት ነው እህቴ? በምን አጣበቅሽው? ሕንፃውስ ተለጥፏል?

ሰማያዊ እርሳስ
1፡500። ካርቶኑ 2 ሚሊ፣ ቤዙ ፎም ቦርድ። በነጭ ኮላ ነው፣ ሙሉውን ቀብቼ። ሕንፃው ተነቃይ ነው።

አናጺው
በ1፡500 ሁሉም ነገር 500 ጊዜ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ አንዱ 2 ሚሊ ካርቶን 1 ሜትር ነው። 3 ሳንቲም ማለት 15 ሜትር፣ አምስት ፎቅ ያህል! የአንቺ ፕሮጀክት ደግሞ ቁልቁለቱ ራሱ ነው። ስለዚህ መስተካከል አለበት።
ነጭ ኮላ ውሃ አለው። ካርቶን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከላይ ብቻ ስለቀባሽ ወደ ላይ ሳበው። ከታችም የሚስብ ነገር ስጪው። ሕንፃዎቹን አንሺ። ጀርባውን በዚያው ኮላ በስሱ ቀብተሽ ወፍራም ወረቀት ለጥፊበት፤ አንድም ቦታ አየር እንዳይቀር በመዳፍሽ ከመሃል ወደ ዳር ግፊው። ከዚያ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ፌስታል አንጥፊና ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ አስቀምጪው። ጥጎቹ ላይ ጨርቅ አጥፈሽ ክብደት ጫኚ። እስኪነጋ አትንኪው። ጠዋት እንዳይመለስ ኮምፖልሳቶ ላይ በሁለት ገጽ ፕላስተር ያዢው።

ኪያ
ማስቲሽ ብትቀቢው አይሻልም? ወዲያው ነው የሚይዘው።

አናጺው
ኧረ በፍጹም! ማስቲሽ ፎሙን ይበላዋል። ሱፐር ግሉም እንደዚያው። ፀጉር ማድረቂያም አታስጠጊ፣ ባሰ ይጎብጣል።

5ኛ ዓመት
እኔም መጽሐፍ ብያለሁ።

ሰማያዊ እርሳስ (ማታ 4፡35)
ለጥፌዋለሁ። መጽሐፍ ስላልበቃኝ የእናቴን የሸክላ ምጣድ በሁለቱ ጥጎች ላይ አጋድሜዋለሁ። ዝናቡ አላባራም፤ ኮላው እስኪነጋ ይደርቅ ይሆን?

አናጺው
ስስ ከሆነ ይደርቃል። መስኮቱን ዝጊና ተኚ።

ጋሽ አርክቴክት
ነገ ስታቀርቢ ከድልድዩ ጀምሪ ልጄ። ሽቅብ እየወጣሽ አስረጃቸው።

የአራዳ ልጅ (በማግስቱ፣ ከቀኑ 9፡20)
እህቴ፣ እንዴት ሆነ?

5ኛ ዓመት (ከሁለት ቀን በኋላ)
እኛም እየጠበቅን ነው።